ቀባሪዎቻቸውን የመረጡት የኔታ

የየኔታ አድማሱን ሞት የሰማሁት በጎረቤቴ በር ነው። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር የእድር ለፋፊው ጥሩምባውን እየነፋ መጣና ጎረቤቴ ደጅ ቆመ። «የኔታ አድማሱ አርፈዋልና ነገ በአራት ሰዓት ቀብር እንድትገኙ!» አለ። ከዚያ የእኔን በር ዝም ብሎ አልፎ ቀጥሎ ያለው ቤት ሄዶ ነፋ። አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ፣ አንድ እግሬ ውጭ እንደሆነ ቀረሁ።

ለፋፊው አላጠፋም፤ የእሱ እድር አባል አይደለሁም። ወረታ ላይ ሰዉ «የነሰይድ እድር» የሚለው ነው። አባሎቹ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ሙስሊሞች ናቸው። ያ አንድ ሰው ዕድሜ ልካቸውን የቀደሱ፣ እኔንም ጨምሮ ግማሹን ሰፈር ያጠመቁ ቄስ ነበሩ። ቄስ እዚያ ምን ይሠራል ለሚለኝ ሰው ነገሩን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እንዲያውም በሩን የከፈትሁላቸው እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ ያውም በማልኮራበት መንገድ።

የኔታ አጭር ነበሩ። ጥምጥማቸውን ሲያደርጉ ነው ትንሽ ቁመት የሚያገኙት። ክረምት የፎገራ ጭቃ እስከ ጉልበት ሲይዝ ጫማቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በባዶ እግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር።

«የኔታ፣ እዚያ ደርሰው ለሚያወልቁት ጫማ ለምን ተሸክመው ይሄዳሉ?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ለመመለሻ ነዋ።»

«ሲመለሱም እኮ ያው ጭቃ ነው።»

«ይደርቅ ይሆናል። ምን ይታወቃል?» አሉኝ፤ ከምራቸው ነበር።

ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እኛ ልጆቹ ማን ይበልጥ ይጮሃል እያልን ጉሮሯችን እስኪሰነጠቅ ስናነበንብ ጆሯችንን ቆንጠጥ አድርገው «ቀስ በሉ፤ እግዜር አልደነቆረም» ይሉን ነበር። ኋላ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አራት ድምፅ ማጉያ አስመጥቶ ሲሰቅል የኔታ ከሥሩ ቆመው ሽቅብ አዩና ይህንኑ ደገሙት። የሚሰቅለው ልጅ ከመሰላሉ ላይ ሊወድቅ ነበር በሳቅ።

ከሞቱ ወዲህ ሰዉ «የኔታ እኮ ሃይማኖት አይለዩም ነበር» ሲል እሰማለሁ። ውሸት ነው። የኔታን ያህል ሃይማኖት የሚለይ ሰው አይቼ አላውቅም። በጾም ቀልድ የለም። ሰው ሰርግ ላይ ትንሽ ዘንግቶ ረቡዕ ቀን ወተት ቢቀምስ እስከ ፋሲካ ያነሡበታል። ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው የሚል ሰው ፊታቸው ከተናገረ «አንዱንም ሳታውቀው ነው እንዲህ የምትል» ብለው ጥለውት ይሄዳሉ። እኔን የሚገርመኝም ይኸው ነው። ያን ሁሉ ያደረጉት ሃይማኖታቸው ላልቶ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ባልተብሰለሰልሁ።

ጎረቤታቸው ሰይድ ሸማኔ ነው። ሁለቱን ቤት የሚለያቸው አንድ አጥር ነው። ሰይድ እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ሲሠራ የኔታ አጥሩን ተደግፈው ይከራከሩታል።

«ሰይድ፣ አንተ ደግ ሰው ነህ። ሃይማኖትህ ግን ትክክል አይዶለም።»

«እርስዎም ደግ ሰው ነዎት የኔታ። የእርስዎም አይዶለም።»

«በል እንግዲህ፣ ነገ እንቀጥላለን።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀጠሉ። አንዱ ሌላውን አላሳመነም፤ አንዱም ደከመኝ አላለም። የየኔታ ባለቤት እማማ ጥሩነሽ «ይኸ ሰውዬ ሌሊት ማሕሌት፣ ቀን ክርክር! ምላሱ መቼ ነው የሚያርፍ?» እያሉ ያማርሩ ነበር። ሰይድ ለገበያ ይፋግ ሄዶ የዋለ ቀን ግን የኔታ አጥሩ ጋ ሁለት ሦስት ጊዜ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ምግብም አይበሉም።

ያን ጊዜ እድራችን የሁላችንም ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባጥለቀለቀበት አንድ ክረምት አባቶቻችን ያቋቋሙት ነው። ድንኳኑ አንድ፣ ወንበሩ አንድ፤ አንዳችን የሌላችንን ሥጋ ስለማንበላ ድስቱ ብቻ ሁለት ዓይነት ነበር። የእቃ ቤቱ ኃላፊ ሰይድ ነው። የሙስሊሙን ድስት ጆሮ በቀይ ክር ያስርበታል፤ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አልተሳሳተም። እኔ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ የእድሩ ጸሐፊ ሆንሁ።

ነገሩ የመጣው የእድሩ ዳኛ አርጅተው ምትክ በሚፈለግበት ጊዜ ነው። ሰዉ በሙሉ ሰይድን አለ። ይህ ያንገበገበው የሩዝ ወፍጮ ያለውን ብርሃኑን ነው። ብርሃኑ ክፉ ሰው አይደለም። ቤቱ ለችግረኛ ክፍት ነው፤ ጣሪያ ላፈሰሰበት ቆርቆሮ ይሰጣል። ስልኩን ግን አብዝቶ ይሰማል። በዚያ ዓመት ከስልኩ የሚወጣው ሁሉ አንድ ነገር ሆነ፦ ይህች አገር የክርስቲያን አገር ናት፤ ባለቤቷ ክርስቲያኑ ነው፤ ሌላው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ልኩን ይወቅ። ጊዜውም ሰው ሁሉ ከወዲህ ነህ ከወዲያ የሚባልበት ነበር። እኔም ሰማሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፍ የሚውል ሰው ድንገት የአገር ባለቤት ነህ ሲሉት ጀርባው ቀና ይላል።

ስለዚህ ብርሃኑ ሐሳብ አመጣ፣ እኔ ጻፍሁት። እድሩ በሚካኤል ስም ይሰየም፤ አባሎቹ ክርስቲያኖች ብቻ ይሁኑ፤ ሙስሊሞቹ የራሳቸውን ያቋቁሙ። ማንንም አንነካም፤ መለያየት ብቻ ነው አልን።

በመጀመሪያ የሞከርነው በአቋራጭ ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበር ብርሃኑ ቤት ነበር። ዳቦውና ጠላው ቀርቦ የኔታ ሊባርኩ ሲነሡ ብርሃኑ «ቄሱም አሉ፣ ጸሐፊውም አለ፣ አባሉም ሞልቷል። የእድሩን ነገር ለምን አሁን አንወስንም?» አለ።

«ሰይድስ?» አሉ የኔታ።

«ሰይድ እዚህ ምን ያደርጋል? የሚካኤል ማኅበር እኮ ነው።»

«እኮ! ለሚካኤል ብለን ተሰብስበን ሰይድን ልናማ ነው?»

ብርሃኑ ደሙ ፈላ። «እርስዎ ካህን ሆነው ለሃይማኖትዎ ካልቆሙ ማን ይቁም? ለሃይማኖት የምንሞት እኛ ብቻ ነን የቀረነው!»

የኔታ መነጽራቸውን አወለቁ። በነጠላቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ። ተማሪያቸው የነበርን ሁሉ ይህን ስናይ ወደ መሬት አየን፤ ምን እንደሚከተል እናውቃለን።

«እንግዲያ የምትሞትለትን ሃይማኖት በልልኝ» አሉት ዝግ ባለ ድምፅ። «ጸሎተ ሃይማኖትን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

ብርሃኑ ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ያዘው። እንደገና ጀመረ፤ እዚያው ላይ ያዘው። ከወደ በሩ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የብርሃኑ ሚስት ዳቦ የያዘውን ሰፌድ እንደተሸከመች ከጓዳው በር ላይ ቆማ ባሏን ታያለች። የኔታ ባርከው፣ ሳይቀምሱ ወጡ። የዚያ ቀን ስብሰባ በዚሁ ፈረሰ።

በማግስቱ ሩዝ ላስፈትግ ብርሃኑ ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ነበር። የኔታ መጡ። ገበያተኛው፣ ተሸካሚው፣ ሁሉ ባለበት ጥምጥማቸውን አውርደው ብርሃኑ ፊት አጎነበሱ።

«ትላንት በጸሎት አሳፈርሁህ። ጸሎት የሰው ማሳፈሪያ አይዶለም። እግዜርንም አንተንም በድያለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ ብርሃኑ፣ ፊቱን ወደ ወፍጮው አዙሮ። የኔታ ኋላ ለእኔ «የነፍስ አባቴ አርባ ስግደት ሰጠኝ፤ ጉልበቴን ጨረሰው» ብለው ሳቁ። ጥፋቱ ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር። ከዚያ በፊት ያመነቱ ሰዎች ብርሃኑ አሳዘናቸውና ወደ እሱ ዞሩ። የኔታ ይህን ሲያውቁ «የራሴን ሰው ራሴ በተንሁት» አሉ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይህን ስሕተት ሲያነሡ ሌላ ሰው ላይ ሲያሳብቡ አልሰማሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙሉው ጉባኤ በእድሩ ግቢ ተጠራ። ሙስሊሞቹም መጡ። ከአባሉ ሲሦ ያህል ናቸው። እነሱ ድምፅ ከሰጡ፣ እንደየኔታ ያሉትም ከታከሉበት፣ ሐሳባችን እንደሚወድቅ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። መፍትሔውንም ያገኘሁት እኔ ነኝ። ደንባችን ውስጥ ሁለት አባሎች ሲጣሉ ለሽምግልና እንዲያመች ብዬ ከዓመታት በፊት የጻፍሁት አንድ አንቀጽ አለ። ተነሣሁና በጥሩ ድምፅ አነበብሁት፦ ጉዳዩ የሚመለከተው አባል ድምፅ ሲሰጥ ከጉባኤው ይወጣል።

ሙስሊሞቹን ማለቴ እንደሆነ ሁሉም ገባው።

«ምስጋናው» አለ ሰይድ በስሜ ጠርቶ፣ «እውነት ደንቡ እንዲያ ይላል?»

«ይላል፣ አያ ሰይድ።»

«ካለማ ምን ይደረጋል» አለና ተነሣ። ሌሎቹም ተነሡ። መዝገቤን ይዤ ስም እየጠራሁ፣ ከየስሙ አጠገብ ምልክት እያደረግሁ አስወጣኋቸው። የመጨረሻው ሰው ወጥቶ በሩ ሊዘጋ ሲል የኔታ መቋሚያቸውን አንሥተው ብድግ አሉ።

«የኔታ፣ እርስዎን እኮ አይመለከትዎትም» አልሁ።

«እንዴት አይመለከተኝ! ጎረቤቴን ስታወጡት ጎረቤት የማጣው እኔ አይዶለሁም?» አሉና ወጡ።

እጅ ተነሣ፤ ቆጠርሁ፤ ሐሳቡ አለፈ። እጃቸውን ያላነሡ ነበሩ፤ የኔታ ቢኖሩ ኖሮ ምናልባት ይበዙ ነበር። ቃለ ጉባኤውን በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ ጻፍሁና ውጭ ለቆሙት ልነግር ወጣሁ። ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር። አንድ ወጣት ሊጮህ ሲል የኔታ ትከሻውን ይዘው ዝም አሰኙት። ከዚያ ወደ ሰይድ ዞሩ።

«አዲስ እድር ማቋቋማችሁ አይቀርም። ስሜን ጻፍ።»

«ይተዉ ባክዎ የኔታ። ሰዉ ምን ይላል?»

«ሰዉማ ይላል፤ ምን ሥራ አለው። ጻፍ አልሁህ!»

ሰይድ ቀልድ መስሎት ነበር። ቀልድ እንዳልሆነ የገባው በሳምንቱ ሲጠይቁት፣ በሌላው ሳምንት ሲደግሙለት ነው። ከሙስሊሞቹ መካከል የጠረጠሩም ነበሩ፤ አንዱ «ከወዲያ ተልከው ቢሆንስ?» አለ አሉ። በመጨረሻ ጉባኤ አድርገው፣ የኔታ ደጅ ቆመው እየጠበቁ፣ ድምፅ ተሰጠባቸውና ገቡ። ለአንድ ክርስቲያን አባል ብለውም ሁለት ድስት ገዙ። የኔታ ይህን ሲያወሩ እንደ ልጅ ነበር የሚኮሩ። «ሁለት ድስት! ለእኔ ብቻ! ጥሩነሽ እንኳ ገዝታልኝ አታውቅም!»

ወሬው ሰበካ ጉባኤው ጆሮ ደርሶ ተጠሩ። የሆነውን የነገረኝ እዚያው የነበረ ሰው ነው። ሰብሳቢው «አባ፣ ምንዎ ነው? ሃይማኖትዎን ቀየሩ እየተባለ ነው» ሲሏቸው የኔታ መነጽራቸውን አላወለቁም። በለሰለሰ ቃል «ሃይማኖቴን አልቀየርሁም። ቀባሪዎቼን ነው የመረጥሁ» አሉ። ጥቂት ወላጆች ልጆቻቸውን ከእሳቸው አስወጥተው ሌላ መምህር ዘንድ ወሰዱ። የኔታ በቀሩት ልጆች ቀጠሉ።

ሙስሊም ሲሞት የኔታ ቃሬዛ ከሚሸከሙት ፊት ነበሩ። አጭር ስለሆኑ ቃሬዛው በእሳቸው በኩል ያዘነብላል፤ እንዲተዉት ቢለመኑ እንቢ አሉ። መቃብሩ ጋ ሲደርሱ ሰላት ሲሰገድ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ መጥተው አካፋ ይይዛሉ። «በጸሎታችሁ አልገባም፤ በአፈሩ ግን እገባለሁ» ይሏቸዋል። እነሱም ይህን ለምደው አካፋ ያስቀምጡላቸው ነበር።

በእኔ ላይ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ጸሐፊው! ደንቡ እንዴት አደረ?» ይሉኛል። ሰላምታቸው ይኸው ሆነ። አንድ ክረምት ሩዛቸውን ሲያርሙ ማሳው ዳር አገኘኋቸውና መከራከሪያዬን ይዤ ቀረብሁ።

«የኔታ፣ እኛ እኮ አልደበደብንም፣ አልዘረፍንም። ብዙኃኑ በድምፅ ወሰነ። ዲሞክራሲ የሚሉት ይኸው አይዶለም?»

ጭቃ ውስጥ እንደቆሙ ቀና አሉ። «ብዙ መሆንህን ማን ካደህ? ትላንት ብዙ ነበርህ፣ ዛሬም ብዙ ነህ። ሰይድ ግን ትላንት እጁን ያነሣ ነበር፤ ዛሬ የት ሄዶ ያንሣ? በድምፅ ድምፁን ወሰዳችሁበት።»

«ለሃይማኖታችን ብለን እኮ ነው።»

«ተው ልጄ። ክርስቶስ የወረታ እድር ዳኝነት ይጎድለዋል?» አሉና ወደ አረማቸው ጎነበሱ። ጥቂት አረም ነቅለው፣ ቀና ሳይሉ፣ «እኔ ሰይድ ቢያምንልኝ ደስ ይለኛል። ሠላሳ ዓመት የለፋሁበት ነው። አሁን ግን በምን አፌ ልንገረው? ሃይማኖቴ ከደጅ የሚያስወጣ መሰለው እኮ» አሉ። የኔታ አድማሱን ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እጃቸው ጭቃ ስለነበር ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ የሚከራከር ነገር አልቀረኝም። ቢሆንም ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ሰው ጥፋቱን ማወቁና ጥፋቱን መናገሩ መካከል ስንት ዓመት ሊያልፍ እንደሚችል በራሴ አየሁት።

ዘንድሮ ጉልበታቸው ጨርሶ እንቢ አላቸው። ሰይድ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዟቸው ሄዶ ሰነበቱ፤ እማማ ጥሩነሽ እንደነገሩኝ እዚያም ሲከራከሩ ነው የከረሙት። አልተሻላቸውም። ተመልሰው አልጋ ሲይዙ ልጠይቃቸው ሄድሁና ሰው እስኪወጣ ጠብቄ አልጋው ሥር ተንበረከክሁ። «የኔታ፣ በድያለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

እጃቸውን ራሴ ላይ ጣል አደረጉ። «እኔን ምን አደረግኸኝ? የወጣው ሰይድ ነው። ወደ እኔ የመጣኸው ስለሚቀልህ ነው።»

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አልሁ። አልሄድሁም። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ፤ ከዚያ ለፋፊው በሬን ዘልሎ ሄደ።

ትላንት ቀበርናቸው። የየኔታ ደጅ ድንኳን የተከሉት የነሰይድ እድር ሰዎች ናቸው። የክርስቲያን ሴቶች በነዚያ ሁለት ድስቶች ወጥ ሠሩ። እኛ፣ የሚካኤል እድር አባሎች፣ እንደ እንግዳ መጥተን ሰይድ ያሳየን ቦታ ላይ ተቀመጥን። አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር እነሰይድ ተሸከሙ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ካህናቱ ሊቀበሉ ሲመጡ ብርሃኑ ከመካከላችን ወጥቶ ሰይድ ትከሻ ላይ ያለውን የቃሬዛውን ጫፍ በራሱ ትከሻ ተቀበለው። ብርሃኑ እያነባ ነበር፤ እንባውን የሚጠርግበት እጅም አልነበረው።

ከቀብር ስንመለስ ሰይድን ድንኳኑ ጥግ አገኘሁት።

«አያ ሰይድ፣ በደልሁህ። አውቄ ነው የበደልሁህ። ይቅር በለኝ።»

ብዙ አየኝ። «እኔስ ይቅር ካልሁህ ቆየሁ» አለ። «ቂም ይዤ ስቀመጥ ክሩ እየተበጠሰ ሥራ አላሠራኝ አለ።»

«እንግዲያ ስሜን ጻፈኝ። እድራችሁ ልግባ።»

«እጽፍሃለሁ። ግን ብቻዬን አልወስንም። እሑድ ጉባኤ አለ፤ ድምፅ ይሰጥበታል።»

«በስንት ሰዓት ልምጣ?»

ሰይድ አንገቱን ደፋ። «አንተማ አትመጣም። ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው አይገኝም። ደንቡን ከእናንተው ነው የገለበጥነው።» ፊቱ ላይ ፌዝ ፈለግሁ፤ የለም። እንዲያውም ያፈረው እሱ ይመስል ነበር።

ዛሬ ሐሙስ ነው። የእድሩን አባሎች አንድ በአንድ አስቤያቸው ዋልሁ፤ ስማቸውን ሁሉ አውቀዋለሁ። ከመካከላቸው እጃቸውን እንደሚያነሡልኝ ቅንጣት የማልጠራጠረው አንድ ሰው ነበሩ። እሳቸውን ትላንት ቀበርናቸው።